ጥያቄና መልስ፦ «አውቃለሁ» ማለት ያቃተኝ አዲስ አማኝ ነኝ፤ እምነቴ እያደገ ነው ወይስ እየጠፋ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ከተጠመቅሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በተጠመቅሁ ዕለት ደረቴን ሲሞቀኝ ተሰምቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ስጸልይ ዝምታ ብቻ ነው። በወሩ መጀመሪያ ባለው የጾም እሑድ ሌሎች ተነሥተው «እውነት መሆኑን አውቃለሁ» እያሉ ሲመሰክሩ፣ እኔ መዋሸት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ከመቀመጫዬ አልነሣም። ባለፈው ወር ደግሞ፣ ቡና መጠጣት በቤተክርስቲያናችን የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ለቅሶ ቤት ሲቀርብልኝ እንቢ ማለት አፍሬ አንድ ስኒ ጠጣሁ። እናቴ የተዋሕዶ አማኝ ናት፤ ቤት ውስጥ ቡና የማፈላላት እኔ ነኝ። ይህስ ኃጢአት ይሆንብኛል? ጥምቀቴስ ከንቱ ሆኖ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ብዙ ነገር የጠየቅሽ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው፤ በተጠመቅሽ ቀን እግዚአብሔር ከአንቺ የፈለገው ምን እንደ ነበረ ተምታቶብሻል። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር በምንቀበለው ቅዱስ መጽሐፍ፣ በመጽሐፈ ሞርሞን፣ በሞዛያ ምዕራፍ 18፣ ከክፉው ንጉሥ ከኖኅ ሸሽተው በሞርሞን ውኃ ዳር የተሰበሰቡትን ሰዎች ነቢዩ አልማ ከማጥመቁ በፊት ምን እንዳላቸው ተመልከቺ። አንዳችሁ የሌላውን ሸክም ለመሸከም፣ ከሚያዝኑ ጋር ለማዘን፣ መጽናናት የሚሹትን ለማጽናናት፣ በማንኛውም ጊዜና ስፍራ የእግዚአብሔር ምስክሮች ሆናችሁ ለመቆም ፈቃደኞች ከሆናችሁ ከመጠመቅ ምን ያግዳችኋል ነው ያላቸው። ሁሉን ነገር ያለ አንዳች ጥርጥር ታውቃላችሁን ብሎ አልመረመራቸውም። በየእሑዱ በቅዱስ ቁርባን የምንሰማው ጸሎትም፣ በዚያው መጽሐፍ በሞሮኒ ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፣ የልጁን ስም በላያችን ለመውሰድና ዘወትር እርሱን ለማስታወስ ፈቃደኞች መሆናችንን በአብ ፊት የምንመሰክርበት ነው። ፈቃድሽን ሰጥተሻል፤ ጥያቄሽን ስትጽፊልኝም ያው ፈቃድሽ በእጅሽ ላይ ነበረ።

ስለዚሁ ጸሎት ካነሣሁ አይቀር፣ በቅርቡ በእኛ ቅርንጫፍ፣ ማለትም በአጥቢያችን ጉባኤ፣ ያየሁትን ልንገርሽ። ዳቦውን የቆረሰው ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። ተንበርክኮ ጸሎቱን ማንበብ ከጀመረ በኋላ በመካከሉ አንዲት ቃል ሳተ፤ ጸሎቱ ደግሞ ቃል በቃል መነበብ አለበት። ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንቱ ቀና ብለው በዓይናቸው ምልክት ሰጡት፤ ልጁም ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረ። ማንም አላጉረመረመም፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሲጨርስ ሁላችንም «አሜን» አልን፤ ዳቦውም እንደ ወትሮው በየረድፉ ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ንስሐ ሳስተምር ያ ልጅ ከፊቴ አይጠፋም።

አሁን ወደ «አውቃለሁ» እንመለስ። የራእዮች መጽሐፋችን በሆነው በትምህርት እና ቃል ኪዳኖች ክፍል 46 ላይ ስለ መንፈስ ስጦታዎች ሲነገር፣ ለአንዳንዶች ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን በመንፈስ ቅዱስ ማወቅ እንደ ተሰጣቸው፣ ለሌሎች ደግሞ በእነዚያ ሰዎች ቃል ማመን እንደ ተሰጣቸው ተጽፏል። ልብ በዪ፣ በሌላው ምስክርነት ላይ ተደግፎ ማመን ራሱ ስጦታ ተብሎ ተቈጥሯል፤ የእምነት ጉድለት አልተባለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባትም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ እንባውን አፈሰሰ እንጂ ያልነበረውን አለኝ አላለም፤ ጌታም ልጁን ፈወሰለት።

የደረትሽ ሙቀት መጥፋቱ ያስጨንቅሻል። ኦሊቨር ካውደሪ የመጽሐፈ ሞርሞን ትርጉም ሲካሄድ ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1829 በፔንሲልቬንያ፣ ሃርመኒ በምትባል ስፍራ የተሰጡት ራእዮች ስለ እርሱ ሁለት ነገር ይነግሩናል። በትምህርት እና ቃል ኪዳኖች ክፍል 9 ነገሩ ትክክል ከሆነ ደረቱ እንደሚቃጠል ተነግሮታል። ከዚያ አስቀድሞ ግን፣ በክፍል 6፣ ጌታ ያስታወሰው በቤተክርስቲያናችን መሥራች በጆሴፍ ስሚዝ ወላጆች ቤት ሳለ ለብቻው የጸለየባትን ሌሊት ነበር፤ ስለዚህ ነገር ለአእምሮህ ሰላምን አልተናገርሁምን፣ ከእግዚአብሔር ከመጣው ምስክር የሚበልጥ ምን ምስክር ሊኖርህ ይችላል ብሎ ነው የጠየቀው። አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ እሳትም ሰላምም ተነገረው። አንቺ እሳቱን ስትጠባበቂ ሰላሙ በጎንሽ እንዳያልፍ እሰጋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ምላሽ አጣሁ እያልሽ በየሌሊቱ መንበርከክሽን ያልተውሽው ለምን ይመስልሻል?

ከመጽሐፈ ሞርሞን አልማ ምዕራፍ 32ን በዚህ ሳምንት ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ከፊቱ ያለውን ምዕራፍ 31ንም አትዝለዪው። በዚያ የምታገኚያቸው ዞራማውያን የተባሉ ሰዎች በምኵራባቸው መካከል አንድ ሰው ብቻ የሚያቆም ከፍ ያለ መቆሚያ ነበራቸው። በሳምንት አንድ ቀን እየተፈራረቁ ወጥተው፣ ሁሉም ያንኑ ጸሎት በከፍተኛ ድምፅ ይጸልያሉ፤ ከዚያ ወደየቤታቸው ገብተው እስከሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ድረስ ስለ እግዚአብሔር አያነሡም። አልማ (ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የአልማ ልጅ፣ ስሙም አልማ የሆነው) የእምነትን ትምህርት ያስተማረው ግን በእጃቸው ከሠሩት ምኵራብ ልብሳቸው ሻካራ ነው ተብለው ለተባረሩት ድሆች ነበር። እነርሱን ስለ እምነት ሲነግራቸው፣ እምነት ፍጹም እውቀት ማለት እንዳልሆነ ካስረዳ በኋላ፣ ለማመን ከመፈለግ በቀር ሌላ ባይቻላችሁ እንኳ ይህ ፍላጎት ይሥራባችሁ አላቸው። ቃሉንም በልብ ውስጥ ከሚዘራ ዘር ጋር አመሳሰለው። ዘሩ ሲያብጥና ሲያቆጠቁጥ መልካም መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ችላ ብትሉት ግን ሥር ስለማይኖረው ፀሐይ ሲበረታ ይደርቃል፣ ይህም ዘሩ መልካም ስላልነበረ አይደለም ይላል። ጤፍ ዘርቶ የሚያውቅ ገበሬ ማሳውን በየማለዳው እየቈፈረ ዘሩ በቅሏል ወይ ብሎ አያይም። አንቺ ስሜትሽን በየሌሊቱ እየቈፈርሽ ትመረምሪያለሽ።

ወደ ቡናው ልምጣ፤ እዚህ አገር ከዚህ የበለጠ አዲስ አማኝን የሚፈትን ትእዛዝ አላውቅም። የጥበብ ቃል፣ ማለትም ስለምንበላውና ስለምንጠጣው የተሰጠን ሕግ፣ የተሰጠው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1833 በኦሃዮ፣ ከርትላንድ ነው። ትኩስ መጠጦች የሚለው ቃል ሻይና ቡናን እንደሚያመለክት ቀደምት መሪዎች አስረድተዋል። በመግቢያው ከቅዱሳን ሁሉ ደካማ ለሆኑትም እንዲመች ሆኖ የተሰጠ መሆኑ ተጽፏል፤ ቅዱሳኑም አጥብቀው እስኪይዙት ብዙ ዓመታት ወስዶባቸዋል፤ ወደ ቤተመቅደስ ለመግባት በጥብቅ የሚፈለግ መመዘኛ የሆነው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1921 ገደማ ነው። ይህን የምነግርሽ ትእዛዙን ላቀልልሽ አይደለም፤ አንቺ ቃል የገባሽው ዛሬ ባለው መልኩ ነውና ልትጠብቂው ይገባል። ነገር ግን አንድ ስኒ ጥምቀትን አያፈርስም። በጸሎት ለአባትሽ ንገሪው፣ አትድገሚው፤ ቀጥሎ ባለው እሑድም ቁርባንሽን ተቀበዪ።

ለቅሶ ቤት መሄድሽን ግን አትጸጸቺበት። ከሚያዝኑ ጋር ለማዘን የገባሽው ቃል ኪዳን የተፈጸመው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስኒው ሲቀርብልሽ ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ቡና አልጠጣም፣ ውኃ ካለ ይበቃኛል» በዪ። የኀዘን ቤት ሰው የሚያስታውሰው አብረሽው መቀመጥሽን ነው።

ለእናትሽ ቡና ማፍላትሽን በተመለከተ፣ የጥበብ ቃል የሚናገረው ስለምንጠጣው እንጂ ለሌላው ስለምንቀዳው አይደለም፤ እኔ ኃጢአት ሆኖ አላየሁትም። ቁዪልኝ ሲሉ ቁዪላቸው፣ ጭሱን እንዲያሸቱ አቅርቢላቸው፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ቅጂላቸው፤ ለራስሽ ዝንጅብል በቀረፋ አፍልተሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ከእናትሽ ረከቦት ርቀሽ መኝታ ቤት ብትዘጊ የሚያዝኑት በአንቺ ብቻ አይሆንም፤ በተጠመቅሽበት ስምም ያዝናሉ። ስለ ጾማቸውም እንዲሁ ነው። እኛ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ትተን የማዕዱን ዋጋ ለችግረኞች እንሰጣለን፤ እርሳቸው ዐቢይ ጾምን ሙሉውን ይጾማሉ። በዚያ ወራት በፊታቸው ሥጋ አትብዪ፤ ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፋቸው የእምነት አንቀጾች ላይ ሰው ሁሉ እንደ ሕሊናው እንዲያመልክ መብቱን እናከብራለን ብለናልና።

ለቅርንጫፉ የምለውም አለኝ። በዚያን ጊዜ የቤተክርስቲያናችን ፕሬዚዳንት የነበሩት ጎርደን ሂንክሊ እ.ኤ.አ. በ1997 አዲስ አማኝ ሁሉ ወዳጅ፣ ኃላፊነትና በእግዚአብሔር መልካም ቃል መመገብ ያስፈልገዋል ብለው ነበር። በጥያቄሽ ውስጥ ስለ ወዳጅም ስለ ኃላፊነትም አንድ መስመር አላገኘሁም፤ ይህ የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ ከአንቺ ቀድመን የገባነው የእኛ ጉድለት ነው። ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንትሽን ዛሬውኑ ሥራ ስጡኝ በያቸው። የሕፃናቱን ክፍል ብታግዢ፣ ወይም ከሴቶች መረዳጃ ማኅበር እህት ጋር የታመሙትን ብትጠይቂ፣ በመንበርከክ ብቻ ያልመጣልሽ ሊመጣልሽ ይችላል።

በሚመጣው የጾም እሑድ መነሣት ከፈለግሽ ያለሽን ብቻ ተናገሪ፤ «ማመን እፈልጋለሁ፤ ክርስቶስንም መከተል አልተውሁም» ማለት ሙሉ ምስክርነት ነው። ካልፈለግሽ ተቀመጪ። እናትሽም አንድ ቀን ቡናው ከተጠጣ በኋላ «ልጄ፣ ከክርስቶስ ወጣሽ እንዴ?» ብለው ቢጠይቁሽ አትከራከሪያቸው። በመጽሐፈ ሞርሞን 3ኛ ኔፊ ምዕራፍ 17ን ክፈቺና፣ ጌታ የሕዝቡን ሕፃናት አንድ በአንድ ወስዶ የባረከበትን፣ ስለ እነርሱም ወደ አብ የጸለየበትንና ያለቀሰበትን ክፍል አንብቢላቸው።