አትሽጪው እህቴ፤ ዋንዛውም ቀርከሃውም ብረቱም አንድ በረንዳ ላይ ይሆናሉ

ሰላም እህቴ። ከደብረ ማርቆስ የጠየቅሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አማትሽ የሰጡሽ የዋንዛ አግዳሚ፣ ከእንጅባራ ያመጣችሁት የቀርከሃ ወንበር፣ አራት የብረት ወንበር ከነጠረጴዛው፣ ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፤ ሁሉም አንድ በረንዳ ላይ ናቸው። «መጋዘን አስመሰልሽው» ስለተባልሽ ሁሉንም ሸጠሽ አንድ ዓይነት ልትገዢ ነው። እባክሽ አትቸኩይ። እኔ ባሕር ዳር ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው፤ በረንዳዬ ላይ ካሉት ወንበሮች አንድ ቦታ የተገዙ የሉም። የሚመጣው እንግዳ ግን አንድ ባለሙያ ያሠራኝ ነው የሚመስለው። እዚህ ለመድረስ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት መልክ ብቻ በማየቴ ነው። ቡኒ ከቡኒ ይሄዳል ብዬ የቀርከሃ ወንበሮቼን ከእንጨት የምግብ ጠረጴዛ ጋር ደረደርኳቸው። ለፋሲካ አባቴ ከዳንግላ መጡና ቀርከሃው ላይ ተቀመጡ። የጠረጴዛው ጠርዝ ደረታቸው ጋ ደረሰ። በቆረሱ ቁጥር ክርናቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው፤ ወጡ በእጅጌያቸው ላይ ሲወርድ አየሁ። ምንም አላሉኝም፤ ትንሽ ቆይተው ግን ተነሥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ ሜትር አውጥቼ ለካሁ። የቀርከሃው መቀመጫ ከመሬት 38 ሳንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛው 76። ሰው ተመችቶት የሚበላው በመቀመጫውና በጠረጴዛው መካከል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠረጴዛ 45 አካባቢ ከፍታ ያለው ወንበር ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የማጣምረው በቁመት ነው። ዝቅ ያሉት ለብቻ፦ ቀርከሃው፣ በርጩማው፣ ረከቦቱ፣ መሶቡም ሲወጣ ከእነሱ ጋር፤ ይሄ የቡናው ጥግ ነው። ከፍ ያሉት ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ። ያንቺ አግዳሚ 45 አካባቢ ከሆነ በአንድ ወገን እሱን፣ በሌላው ወገን ብረቶቹን አድርጊ። አግዳሚ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ወንበሮቹ ባይመሳሰሉም ማንም አያስተውልም።

ቁመቱ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ ነገር ይበቃል። ለእኔ የበሩ ቀለም ሆነልኝ። የግቢያችን የብረት በር ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የተረፈው ቀለም ጣሳ ውስጥ ነበር። የብረት ወንበሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳቸው፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) አስቀድሜ ቀባሁና በዚያው አረንጓዴ ደገምኳቸው። ከቀርከሃው ወንበሮች ላይ ግን እጄን አላሳረፍኩም፤ መቀመጫቸው ላይ ብቻ ያንኑ አረንጓዴ የሚመስል የሸራ ትራስ አሰፋሁ። ከአግዳሚው ላይም ያንኑ። ጨርቁ አንድ ይሁን፣ አበባ አይኑረው፤ ዕቃው ራሱ ብዙ ነገር ስለሚናገር ጨርቁ ዝም ማለት አለበት። ፕላስቲኮቹን በተመለከተ፣ ነጭነታቸው ከሩቅ ዓይን ይስባል፤ ፀሐዩም ቀስ በቀስ ያደርቃቸውና ይሰነጥቃቸዋል። ጓሮ ውሰጃቸው፣ ለእንግዳ ብዛት ይውጡ።

ዋንዛውን ቫርኒሽ አትቀቢው። ውጭ ሲሆን ፀሐይና ዝናብ ቫርኒሹን ይልጠዋል፤ ከዚያ መፋቁ ነው መከራው። ጥሩ አድርገሽ አጽጂውና የተልባ ዘይት በጨርቅ እያሸሽ አጠጪው፣ ሲደርቅ ድገሚው፤ ቀላ ያለው የዋንዛ መልክ ራሱ ይወጣል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጠሽ ጥግ አትጣይው፤ ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

ስለ ቀርከሃው ልምከርሽ፣ ምክንያቱም እኔ ያዘንኩት በእሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወንበሮች ከመንገድ ዳር ገዛሁ፤ ዓመት ሳይሞላቸው አንድ ጠዋት በረንዳውን ስጠርግ ከአንዱ እግር ሥር ጤፍ ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘሁ። ጠረግኩት፤ በማግስቱ ተመልሶ አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ እግሩ በመርፌ ጫፍ የተወጋ ይመስል ተበሳስቷል፤ ነቀዝ ገብቶታል። ቀርከሃ ቶሎ ስለሚረዝም የደረሰ ይመስላል እንጂ ጠንክሮ ለዕቃ የሚበቃው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። ለጋው ውስጡ ውሃና ስኳር ስለሚበዛው ለነቀዝ ምግብ ነው። ሁለተኛ ስገዛ ሠሪውን አጠገቡ የተደገፈውን ጥሬ ቀርከሃ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፤ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ብናኝ የያዘው ለጋ ነው፣ የደበዘዘና ነጠብጣብ ያወጣው የበሰለ ነው። በበጋ የተቆረጠ፣ ነቀዝ በሚከላከል የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውሃ የተነከረ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ያንቺን አሁኑኑ ገልብጠሽ እግሮቹን እያቸው።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ቀርከሃውን ከግድግዳው አስጠግተሽ እግሮቹን ከሲሚንቶው የሚያነሣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊላቸው። የብረቶቹ እግር ክፍት ቱቦ ከሆነ የጎማ ጫማ ግዢላቸው፤ ውሃ ሥራቸው እየገባ ከውስጥ ይዝጋል፣ ወለሉም ላይ የማይለቅ ቀይ ክብ ይተዋል። የእኔ አንዱ ጥግ ላይ አሁንም አለ።

ከሁሉ በፊት የአግዳሚውን፣ የቀርከሃውንና የጠረጴዛውን ቁመት ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። በረንዳሽ ዝናብ የሚመታው በየት በኩል እንደሆነም ጨምሪ፤ ከዚያ የቱ የት እንደሚሆን አብረን እናስቀምጠዋለን።