ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን በመከላከል ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ መሰማራት ለሚፈልጉት እህታችን የተሰጠ ምላሽ

ሰላም ለሁላችሁም። ከትናንት በስቲያ አንዲት እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነበር። በጤና መኮንንነት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተው አሁን በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሊያጠናቅቁ ተቃርበዋል፤ ወደፊት የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን፣ ካንሰርንና እነዚህን የመሳሰሉ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን በመከላከልና በመቆጣጠር ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ መሰማራት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህም እነዚህ ባለሙያዎች ምን ሲሠሩ ውለው እንደሚገቡ፣ ምን ቢማሩ እንደሚሻላቸውና ከአገር መውጣት የግድ መሆን አለመሆኑን ጠይቀዋል። ብዙዎቻችሁ የነጻ ትምህርት ዕድሎችንና የቅጥር ማስታወቂያዎችን ስለጠቆማችሁ ያንን አልደግምም። በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የደም ግፊት ሕክምና ፕሮግራሞችን በሚደግፍ ቡድን ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ሥራው ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ደም ግፊት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ሪፖርት ሲያወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.3 ቢሊዮን የሚሆኑት ግፊት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው እንደማያውቁ፣ ግፊታቸው በሕክምና ቁጥጥር ሥር የዋለላቸው ደግሞ ከአምስት አንዱ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። በሽታው በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል፤ እንደ አምሎዲፒን ያሉት መድኃኒቶች ርካሽ ናቸው፤ አብዛኛውን ታካሚ ለማከምም የልብ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ታዲያ እውቀቱም መድኃኒቱም እያለ ከአምስቱ አራቱ ሳይደርሳቸው የሚቀረው ለምንድን ነው? እኔ የደረስኩበት መልስ፣ ታካሚው ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛና ለአሥረኛ ጊዜ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርግ አሠራር ባለመኖሩ ነው የሚል ነው። ለድንገተኛ ሕመም ተብሎ የተደራጀ ጤና ጣቢያ የመጣውን አክሞ ይሸኛል፤ ያልመጣው የት እንደቀረ የሚጠይቅበት መንገድ ግን የለውም። ግፊትና ስኳር ደግሞ ሰው ደህና ነኝ እያለ፣ ምንም ሳያመው፣ ዕድሜ ልኩን እንዲመላለስ የሚያስገድዱ በሽታዎች ናቸው። የእኛ ሥራ ትልቁ ክፍል ይህን መመላለስ የሚቻል ማድረግ ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ከመዝገቡ ልጀምር። አንድ ጤና ጣቢያ ስንደርስ አስቀድመን የምንጠይቀው የግፊት ታካሚዎችን መዝገብ ነው። ገጹን በጣትዎ ወደ ታች እየተከተሉ የተለካውን ቁጥር ብቻ ያንብቡ፤ 140/90፣ 150/100፣ 130/80፣ 160/100 እያለ ሁሉም በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ፣ የተጻፈው የተነበበው ሳይሆን የተገመተው ነው። ቀስት ባለው መለኪያ ላይ እያንዳንዱ ጭረት 2 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሚወክል፣ በትክክል ቢነበብ ኖሮ በዜሮ የሚያልቀው ቁጥር ከአምስት አንዱ ገደማ በሆነ ነበር። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን 136 የነበረውም 144 የነበረውም 140 ተብሎ ሲጻፍ፣ መድኃኒት የሚጀመረውና የሚጨመረው በዚሁ በ140 ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ያለአግባብ መድኃኒት ሲጨመርለት ለሌላው የሚገባው ውሳኔ በግምት የተሰጠ ይሆናል። ይህን ያየ ጀማሪ አማካሪ ወዲያው የሚያቀርበው መፍትሔ ሥልጠና ነው። ነርሷ ግን እንዴት እንደሚለካ አሳምራ ታውቃለች፤ የጎደላት ጊዜ፣ በባትሪ የሚሠራ አውቶማቲክ መለኪያ፣ ለወፍራም ክንድ የሚሆን ሰፊ ማሰሪያና ታካሚው ከመንገድ እንደደረሰ ሳይለካ አምስት ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ የሚያርፍበት ወንበር ነው። ስለዚህ የተላከው ባለሙያ የሚያስፈልገው ነገር ወንበር መሆኑን አይቶ፣ በጀቱ ውስጥ ወንበር እንዲገባ የሚከራከር ሰው መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የስሌት ጉዳይ ነው፤ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባውም ይህ ይመስለኛል። አንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ሩብ ዓመት 100 አዲስ የግፊት ታካሚዎችን መዘገበ እንበል። ከስድስት ወር በኋላ 60ዎቹ ብቻ መጡ፤ ከመጡት ውስጥ የ45ቱ ግፊት ከ140/90 በታች ሆኖ ተገኘ። ከመጡት ብቻ ካሰሉት ውጤቱ 75 በመቶ ነው፤ ከተመዘገቡት ካሰሉት ግን 45 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በስብሰባ ላይ ያስጨበጭባል፤ የቀሩትን 40 ሰዎች ግን ከዓይን ይሰውራቸዋል፤ በስትሮክ ተመተው ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ መካከል ናቸው። «ሃርትስ» በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የአሠራር ጥቅል ውስጥ ያልመጣ ታካሚ ግፊቱ ቁጥጥር ሥር እንዳልዋለ ተደርጎ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ሪፖርቱ በወረቀትም ሆነ ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ይምጣ፣ አካፋዩ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ምንም ዓይነት መቶኛ አይቀበሉ።

የመድኃኒቱ ነገር ሌላው ነው። ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዞ የመጣ አርሶ አደር «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ በሚቀጥለው ወር አይመጣም፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ መድኃኒት ለማለቁ አንዱ ምክንያት የጥያቄው አሰላል ራሱ መሆኑን ነው። የሚቀጥለው ዙር ጥያቄ ባለፈው ዙር በወጣው መጠን ላይ ተመሥርቶ ሲዘጋጅ፣ መደርደሪያው ለሁለት ወር ባዶ ከነበረ የወጣው መጠን ስለሚያንስ የሚጠየቀውም ያንሳል፤ እጥረቱ ራሱን እየወለደ ይቀጥላል። ጥያቄው በመዝገብ ላይ ባሉ ታካሚዎች ቁጥር እንዲሰላ ማድረግ፣ ግፊቱ ለተረጋጋለት ሰው የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት፣ የቀጠሮ ካርድና የቀሩትን በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል መፈለግ፣ እነዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 ነጻ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ከተጀመረ ወዲህ አገራችን ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ለብዙ መቶ ሺህ ሰዎች የማድረስ ልምድ አካብታለች፤ በዚያ ክፍል የሠሩ ነርሶችና የመረጃ ባለሙያዎችም ለግፊትና ለስኳር ፕሮግራም የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። እርስዎም ኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል ሠርተው ከሆነ፣ በማመልከቻዎ ላይ በጉልህ ይጻፉት።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ስማቸው የሚነሳ ባለሙያዎችን ታሪክ ቢመለከቱ፣ አብዛኞቹ አንድን ቦታ ጠንቅቀው ያወቁ ሰዎች ሆነው ያገኟቸዋል። ፊንላንዳዊው ፔካ ፑስካ እ.ኤ.አ. በ1972 የሰሜን ካሬሊያን ፕሮጀክት መምራት ሲጀምር ገና ወጣት ሐኪም ነበር፤ የዚያ ክፍለ ሀገር ወንዶች በልብ ሕመም እያለቁ ስለነበር ሕዝቡ ራሱ መንግሥት እንዲደርስለት ጠይቆ ነው ሥራው የተጀመረው። ፕሮጀክቱ ከሴቶች ማኅበራት፣ ከወተት አምራቾችና ከምግብ ፋብሪካዎች ጋር ተባብሮ የቅቤን፣ የጨውንና የሲጋራን ፍጆታ ቀነሰ፤ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች መካከል የነበረው የልብ ሕመም ሞትም በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ፑስካ በዓለም ጤና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ሞዛምቢካዊቷ የልብ ሐኪም አና ሞኩምቢ ኢንሃሪሜ በተባለች ገጠር ሰዎችን በአልትራሳውንድ መርምራ፣ የልብን የውስጥ ግድግዳ የሚያደነድን ሕመም ከአምስት ሰው በአንዱ ገደማ ላይ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተመች። አሜሪካዊው ጂን ቡክማን ደግሞ በሩዋንዳ ገጠር ሆስፒታሎች ነርሶች የልብ ድካምንና የኢንሱሊን ጥገኛ የስኳር በሽታን እንዲከታተሉ የሚያስችል ክሊኒክ አቋቋመ። ሁለቱ በጋራ የመሩት፣ የዓለምን እጅግ ድሃ ቢሊዮን ሕዝብ የሚመለከተው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ሪፖርቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አወጣ፤ «ፔን ፕላስ» የተባለውንም፣ እንዲህ ያሉ ከባድ ሕመሞችን በገጠር ሆስፒታሎች የመከታተል አሠራር የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች በ2022 ሎሜ (ቶጎ) ላይ የቀጣናው ስልት አድርገው ተቀበሉት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ አገር የተለየ ትርጉም አለው። ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ሲባል የብዙዎች ሐሳብ ወደ ውፍረትና ወደ ከተማ ኑሮ ይሄዳል፤ በገጠራችን ግን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የተነሳ የልብ በር (ቫልቭ) የተበላሸባቸው ወጣቶች፣ ኢንሱሊን ያጡ ሕፃናትና በማገዶ ጭስ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች አሉ። ለልጆቹ ልብ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በሽታው እንዳይባባስ ይከላከላል። እግረ መንገዴን ልጨምር፤ ዓለም አቀፉ ዕቅድ ትምባሆን፣ አልኮልን፣ አመጋገብን፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስንና የአየር ብክለትን ይዘረዝራል፤ ጫት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን ክፍተት ሊሞላው የሚችል ጥናት ከእኛ፣ ከየመን፣ ከሶማሊያና ከኬንያ ባለሙያዎች ካልመጣ ከሌላ ከየትም አይመጣም።

ከክሊኒኩ ውጭ ያለውን ሥራ ደግሞ ሕግና ግብር ይዘውታል። የሲጋራ ኩባንያው ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በኋላም ከፍተኛው ባለድርሻ ሆነ። እንዲህ ባለበት ጊዜ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በምክር ቤቱ ጸደቀ፤ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያንና በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የአልኮል ማስታወቂያን ከለከለ፤ ከሲጋራ ፓኬት ገጽ 70 በመቶው የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲይዝም አዘዘ። በዓመቱ የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በፓኬት ላይ ከ30 በመቶው ታክስ በተጨማሪ 8 ብር ጣለ፤ ለስላሳ መጠጥንም በ25 በመቶ አስገበረ። ይህን ለማድረስ የሕግ አርቃቂዎች፣ የግብር ኢኮኖሚስቶች፣ ጋዜጠኞችና የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ዓመታት ለፍተዋል። ነገር ግን በብር የተወሰነ ታክስ ከዋጋ ንረቱ ጋር ካልተሻሻለ በየዓመቱ ይሟሟል፤ ዛሬ 8 ብር የሚገዛውን ያውቁታል። ስለዚህ ከኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታዎች ሥርጭት ጥናት) በተጨማሪ የጤና ኢኮኖሚክስ መማር ቢችሉ በጣም ተፈላጊ ያደርግዎታል።

ከአገር መውጣትን በተመለከተ፣ ግዴታ አይደለም። የአፍሪካ ሲዲሲ (የአፍሪካ ኅብረት የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ለእነዚህ በሽታዎች፣ በአደጋ ለሚደርስ ጉዳትና ለአእምሮ ጤና የተዘጋጀ የ2022–2026 (እ.ኤ.አ.) ስልትም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ የሚገኘው ብራዛቪል ውስጥ ሲሆን በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በፖርቱጋልኛ ይሠራል፤ ከእኛ አገር የሚወዳደሩ ብቁ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ አሁኑኑ አሊያንስ ፍራንሴዝ ቢመዘገቡ እመክራለሁ። ኑሮውን በተመለከተ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፤ ለጤና ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዕርዳታ ውስጥ ለእነዚህ በሽታዎች የሚደርሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ቅጥሩም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ኮንትራት የታሰረ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን አስቦበት መግባት ይኖርበታል።

የመመረቂያ ጥናትዎን ርዕስ ገና ካልወሰኑ፣ ቀድሞ ይሠሩበት በነበረው ጤና ጣቢያ ባለፈው ዓመት የተመዘገቡትን የግፊት ታካሚዎች በሙሉ ወስደው፣ በስድስት ወር ውስጥ ስንቱ እንደቀሩ፣ ከቀሩትም የሚገኙትን ቤታቸው ድረስ ሄደው ለምን እንደቀሩ ቢያጠኑ መልካም ነው። በሞት የተለዩትን፣ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የተዛወሩትንና በራሳቸው ፈቃድ ያቋረጡትን ለይቶ የመመዝገቢያውን ትርጉም ከመጀመሪያው በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ በኋላ ለማስተካከል እጅግ ያስቸግራል። ረቂቁን እዚሁ ቢለጥፉት ወይም በግል ቢልኩልኝ፣ በተለይ የትርጉሙንና የናሙናውን ክፍል አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልዎታለሁ።