እህል ይዞ ዋጋ መጠበቅ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። እኔ በመርሳ ከተማ በእህል ንግድ የምተዳደር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ። አዝመራ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ጤፍና ማሽላ ገዝቼ በመጋዘን አስቀምጣለሁ፤ በሐምሌና በነሐሴ ዋጋ ሲወደድ እሸጣለሁ። አሥራቴን አወጣለሁ፤ ለደብራችን ሥራም ተጠይቄ እምቢ ብዬ አላውቅም። በቅርቡ ግን ሰባኪው ስለ ባለጠጋውና ስለ ጎተራው ሲያስተምሩ ልቤ ደነገጠ፤ ከዚያ ወዲህም አላረፈም። ሀብቱን የማከማቸው ለልጆቼ ነው። ይህ ኃጢአት ሆኖ ይቈጠርብኛልን?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ እህል ገዝቶ ማስቀመጥና ቆይቶ መሸጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብፅን ምርት አምስተኛ እጅ አከማችቶ፣ ራብ በጸና ጊዜ ጎተራዎቹን ከፍቶ ለሕዝቡ እንደ ሸጠ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ይነግረናል። እህል የሚያቆይ ሰው ባይኖር ኖሮ በነሐሴ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ሁሉ ባዶ እጁን በተመለሰ ነበር። ስለዚህ በሥራዎ እንዲያፍሩ አልመክርዎትም፤ ልጠይቅዎ የምወደው ሥራው ልብዎን ወዴት እየወሰደው እንደ ሆነ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋ ሰረቀ ወይም ሚዛን አጎደለ አልተባለም፤ እርሻው እጅግ አፈራለት እንጂ። ነገር ግን ምን ላድርግ ብሎ ሲጨነቅ ያማከረው ራሱን ብቻ ነው። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ እያለ ሲናገር በአሳቡ ውስጥ ጎረቤት አልገባም፤ ዝናሙን የሰጠው አምላክም አልታወሰም። በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ስትፈለግ “ይህስ የሰበሰብኸው ለማን ይሆናል?” ተባለ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ክምችቱ በጸሎታችን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በቅዳሴያችን እግዚአብሔር ዝናምን በሚያስፈልግበት ስፍራ እንዲያዘንም እንማልዳለን። ክረምቱ ዘግይቶ የራያና ቆቦ ማሽላ መጠውለግ ሲጀምር፣ መጋዘኑ የሞላ ነጋዴም ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ይህንኑ ይለምናል። በልቡ ግን ኩንታሉ ስንት ሊገባ እንደሚችል እያሰላ ከሆነ፣ አፉ የሚለምነውን ልቡ እንዳይሆን ይመኛል፤ የወገኑ ጭንቅ የእርሱ ተስፋ ሆኗልና። አንድ ሰው ሳይሰርቅና ሳይዋሽ፣ ጾሙን ሳይሽር፣ አሥራቱንም ሳያስቀር እዚህ ሊደርስ መቻሉ ነው አደጋውን የሚያከፋው። ጌታችን ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ መገዛት አትችሉም ያለው እንዲህ ላለው የተከፈለ ልብ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 11 እህሉን የሚይዝ በሕዝብ ዘንድ እንደሚረገም፣ በሚሸጠው ራስ ላይ ግን በረከት እንደሚሆን ሲናገር ሁለቱንም አንድ ቦታ አስቀምጧቸዋል።

ይህን በወሎ ላለ ሰው ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በ1965 እና በ1966 በወሎ ሰው በራብ ሲያልቅ እህል ከዚሁ ክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደ ነበር፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደሚጠበቀው እንዳልናረ ጉዳዩን ያጠኑ ሊቃውንት ጽፈዋል። ገበሬው አዝመራው ስለ ጠፋበት መግዣ አልነበረውም። ራቡን ነጋዴ አመጣው ማለቴ አይደለም፤ እህል በአገር መኖሩ ብቻ ለድኻ አፍ እንደማይደርስ ግን ከወሎ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ራብ በገባ ጊዜም፣ ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የሚጸለየው ቅዱስ ባስልዮስ ባለጠጎቹን በስብከት እየገሠጸና እየለመነ ጎተራቸውን አስከፍቷል፤ የተራቡትንም ሰብስቦ መግቧል።

ስለ ልጆችዎ ያነሡት ተገቢ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ወላጆች ለልጆች ሊያከማቹ እንደሚገባ ጽፏል። ነገር ግን “ለልጆቼ” የሚለው ቃል መጠን ካልተበጀለት ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ለትምህርታቸውና ለመቋቋሚያቸው የሚበቃውን ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ይወስኑ። አሥራትንም በተመለከተ፣ ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸው አዝሙድን እንኳ አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን ስለ ተዉ ነበር። ጆንያ የሚያወርዱልዎትና የሚጭኑልዎት ሰዎች ድካማቸውን የሚመጥን ዋጋ በዕለቱ ይቀበላሉን? የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ባለጠጎችን የሚከሰው በዛገው ወርቃቸው ብቻ አይደለም፤ ያስቀሩት የሠራተኞች ደመወዝም ይጮኻል ይላል።

ለዘንድሮ የምመክርዎት ይህን ነው። የመጋዘን ኪራይን፣ ነቀዝ የሚያጠፋውንና ቤተሰብ የሚያኖር ትርፍን አስበው የመሸጫ ዋጋዎን ገና በጥር ይቁረጡና ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ሐምሌ ላይ ገበያው ከዚያ ቢያልፍም በቃልዎ ይጽኑ። ከእህሉም ጥቂት ኩንታል ለይተው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ በጣሳ ለሚገዛው ድኻ በዚያው ዋጋ ይስፈሩለት፤ ምንም የሌለው ሲመጣም ዋጋ አይጠይቁት።