ረዳት መምህር ሆኜ ማስተርስ ልጀምር ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ አገር ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሽ፤ አሁን ሜሪላንድ ረዳት መምህር ነሽ። «በመልቲካልቸራል ትምህርት ማስተርስ ብይዝ ይጠቅመኛል ወይስ ወረቀት መሰብሰብ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚያው መንገድ ነው የመጣሁት። ዛሬ ኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) አስተምራለሁ።

ይጠቅምሻል። ግን መጀመሪያ የወረቀቱን ነገር እንጨርስ። መልቲካልቸራል ትምህርት፣ ማለትም ባህልና ቋንቋቸው የተለያየ ልጆችን ስለማስተማር የሚያጠናው መስክ፣ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ የመምህርነት ላይሰንስ (ፈቃድ) አያስገኝም። ላይሰንሱ የሚመጣው ግዛቱ ካጸደቀው የኢሶል ወይም የሌላ ትምህርት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ያጣመረ ፈልጊ። የአገር ቤት ዲግሪሽን ከአሁኑ አስገምግሚ፤ ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት ማስላክ ጊዜ ይበላል። ቲች ግራንት የሚባል የፌዴራል ድጋፍም አለ፤ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል። ታዲያ ስትጨርሺ በ8 ዓመት ውስጥ 4ቱን የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች በሚበዙበት ትምህርት ቤት፣ መምህር በጠፋበት መስክ ማስተማር ግዴታ ነው። ኢሶል ከነዚያ መስኮች አንዱ ነው። ግዴታውን ካልተወጣሽ ግራንቱ ከነወለዱ ዕዳ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔን የለወጠኝ ዲግሪው ሳይሆን ጂም ከሚንስ የሚባል ካናዳ ውስጥ የሠራ ምሁር ሐሳብ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የጻፈው ነገር ሲያጥር እንዲህ ነው፦ የመጫወቻ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ ይለያያሉ። ስደተኛ ልጅ የመጀመሪያውን በአንድ ሁለት ዓመት ይለቅመዋል። ሁለተኛው አምስት፣ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

እኛ ትምህርት ቤት አንድ የሀበሻ ልጅ ነበር። ካፌቴሪያ ውስጥ ሲያወራ እዚሁ የተወለደ ነው የምትይው። ቀልዱም ስድቡም አይቀረውም። ሳይንስ ላይ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። ስብሰባ ላይ «እንግሊዝኛውማ ችግር የለበትም፤ ለስፔሻል ኤድ (ለልዩ ፍላጎት ትምህርት) ይመርመር» ተባለ። ፋይሉ ውስጥ የዊዳ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ውጤቱ አለ፤ ንግግሩ ከፍ፣ ጽሑፉ ወለል ላይ። ወረቀቱን ያየው ሰው ግን አልነበረም።

ልጁን ለብቻው አስቀምጬ ስለ እንፋሎት በአማርኛ እንዲያስረዳኝ ጠየቅኩት። «እማ እንጀራ ስትጋግር ክዳኑ ላይ ውሃ ይሰበሰባል፤ እንጀራው ላይ እንዳይንጠባጠብ በፎጣ ትጠርገዋለች» አለኝ። ውሃው ከየት መጣ? «ከሊጡ ነዋ! ተነነ፣ ክዳኑ ቀዝቀዝ ስላለ ተመልሶ ውሃ ሆነ።» ሳይንሱ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። የጎደለው ይህንን በእንግሊዝኛ የሚሸከም ዓረፍተ ነገር ነው። በአማርኛ ያለውን ጽፌ፣ የዊዳ ውጤቱን አያይዤ ለስብሰባው አቀረብኩ። ምርመራው ቆየ፤ በምትኩ የጽሑፍ እገዛ ተጀመረለት። ጽሑፉ በአንድ ጀምበር አልተስተካከለም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው።

ይህን ያልማረ መምህር ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚሳሳተው። ልጁ ሲያወራ ይሰማዋላ!

አንቺ ደግሞ ባዶ እጅሽን አይደለም የምትገቢው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲያችን አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነበር፤ ከዚያ እንደየክልሉ በተለያየ ክፍል ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞር ነበር። ሐዋሳ ሳስተምር በሲዳምኛ ሒሳብ ሲያንበለብል የነበረ ልጅ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ሲመጣበት ዝም ሲል አይቻለሁ። አንቺም ሳታዪ አልቀረሽም። ይህንን ክፍል ውስጥ ተናገሪ፣ ጽሑፍሽንም በሱ ላይ ሥሪ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ አነጋገሬን እያፈርኩበት ጥግ ይዤ እቀመጥ ነበር። አብረውኝ የሚማሩት አሜሪካውያን ግን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን ነገር እኔ በአካል አይቼዋለሁ።

እኛ «ተማሪዎቼን ሁሉ እኩል ነው የማያቸው» ማለት እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ልጆች ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ተመሳሳይ መጽሐፍ፣ ተመሳሳይ መምህር መስጠት ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ እኩልነት አይደለም ብሎ ወሰነ። ላው የተባለው ይህ ውሳኔ ዛሬ የሁለታችንም እንጀራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ፕሮግራሙ ምግብና በዓል ላይ ብቻ የሚንሳፈፍ ከሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ። የመስኩ አንጋፋ ጄምስ ባንክስ ራሳቸው ያንን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጡት፤ ላይኞቹ ደረጃዎች ትምህርቱ ራሱ በማን ዓይን እንደተጻፈ የሚጠይቁ ናቸው። (የባህል ቀን ሲሆን ድፎ ዳቦ ይዤ መሄዴን አልተውኩም፤ ልጆቹ ይወዱታል።) የኮርሶቹን ዝርዝር አስልኪና እይው። የልጆችን ጽሑፍ መመርመር፣ ምዘና፣ ከቤተሰብ ጋር መሥራት ከሌለበት ተይው።

ሥራና ትምህርት አንድ ላይ እንደሚያደክም አንቺም ታውቂዋለሽ። በሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ አትያዢ። ደግሞም ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የሚፈርመው አንድ ነገር አለ፦ መጨረሻ ላይ ያለው የማስተማር ልምምድ። ሙሉ ቀን ያለ ደሞዝ የሚያሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። አንዳንዶቹ ግን አሁን በምትሠሪበት ትምህርት ቤት፣ ደሞዝሽ ሳይቋረጥ እንድታደርጊው ይፈቅዳሉ። ይህንን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልሽ ጠይቂ፤ ርዕሰ መምህሯንም ከአሁኑ አናግሪያት።