ያው ፊት፣ ሁለት ጊዜ

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። የ10 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ‹ወደፊት› ገና የሚመጣው ከሆነ፣ ‹በፊት› እንዴት ያለፈው ሆነ? ሁለቱም ፊት አይደሉ?» ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጅዎ ነገር ገብቶታል። አማርኛም አልተሳሳተም።

የታክሲ ሰልፍ ያስቡ። ከፊትዎ የቆመው ሰው ከእርስዎ በፊት ይሳፈራል። ከኋላዎ ያለው ከእርስዎ በኋላ። «በፊት» እና «በኋላ» እንግዲህ የሰልፍ ቃላት ናቸው። ቀኖቹን አሰልፈን የትኛው ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ እንላለን። «ወደፊት» ግን የመንገደኛ ቃል ነው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ያልደረሰበት ፊቱ ነው፤ ያለፈው ኋላው ይቀራል። «ኋላ»ም እንደዚሁ ሁለት ቦታ ይረግጣል። «የኋላ ታሪኩ» ያለፈው ነው፤ «የኋላ ኋላ» ደግሞ ውሎ አድሮ የሚሆነው።

እኔን ከሁሉ የሚጥመኝ «ወዲያ» ነው። ከትናንት ወዲያ፣ ከነገ ወዲያ። ዛሬ ላይ ቆመን በሁለቱም በኩል ማዶ ማዶውን እናያለን። ትዝታንማ ተዉት! ያለፈውን ሁሉ ኋላችን ትተነው ስናበቃ፣ የናፈቅነው ሰው ትዝ ሲለን «ፊቴ ድቅን አለ» እንላለን። ጀርባው ላይ ድቅን ያለበት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ነገሩ አፍ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ዓይንም ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ያለፈ ጊዜ ቃል በልባቸው ሲይዙ በግራ በኩል ብቅ ያለውን ምልክት ቶሎ አዩ፤ የወደፊት ቃል ሲይዙ በቀኝ በኩል ያለውን። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ተገላቢጦሽ ሆነው ተገኙ፦ ላለፈው የቀኙን ቁልፍ፣ ለወደፊቱ የግራውን ሲጫኑ ፈጠኑ። ጽሕፈታቸው ከቀኝ ወደ ግራ ነዋ!

ልጅዎ ቤት ውስጥ የእኛን ፊደል፣ ትምህርት ቤት የዕብራይስጡን የሚያነብ ከሆነ ይሞክሩት። ሦስት ፎቶውን ይስጡት፤ በጨቅላነቱ፣ ዳዴ ሲል፣ አሁን። በተርታ ደርድር ይበሉትና ጨቅላውን በየት በኩል እንዳስቀመጠው ይዩ።

በአማርኛ ከቀለደብዎት ደግሞ «ሊፍኔይ» የሚለውን የራሱን የዕብራይስጥ ቃል ያስታውሱት። እሱም «በፊት» ማለት ነው። ውስጡ ያለው «ፓኒም» ነው፤ ያው ፊት።