የሲሞኖቭ ሞላ ሲጮህ፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴም ከኮምቦልቻም «መሣሪያዬ ይጮኻል» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ሁሉንም አንድ ላይ ልመልስ። አሥራ ሰባት ዓመት በመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ፤ አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው ሲሞኖቭ፣ ማለትም ኤስኬኤስ የሚባለውን ጠብመንጃ፣ በመፍታትና በመግጠም ነው። የምመልሰው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምን፦ ከታች ያለውን ከመሞከራችሁ በፊት ጥይቱን በሙሉ አውጡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ከዚያ ማጎረሻውን (ጥይቱ የሚገባበትን የበርሜል ጀርባ) በዓይናችሁ እዩ፣ በትንሽ ጣታችሁም ዳስሱ። «ባዶ ነው» ተብሎ የተቀበረ ሰው አውቃለሁ።

ጥያቄ፣ ከገራዶ፦ ጋሼ፣ ሲሞኖቬን በእጄ ስስበው «ፍጭጭ» ይላል። ስተኩስም ከርግጫው ጋር ከውስጥ የሆነ ነገር ሲንጫጫ ይሰማኛል። ሞላው ሊሰበር ይሆን?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይህ ከሲሞኖቭ ጋር አብሮ የተወለደ ድምፅ ነው። መላሽ ሞላው ከላይኛው ክዳን ሥር፣ በቀጭን ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ጥይቱ ሲተኮስ ከበርሜሉ የሚጠለፈው ጋዝ ፒስተኑን ይገፋዋል፣ ፒስተኑ መዝጊያውን ከነተሸካሚው ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ሞላው ተጨምቆ መልሶ ወደ ፊት ይሰደዋል። ረጅም ሞላ ሲጨመቅ ቀጥ ብሎ አይጨመቅም፤ እንደ እባብ እየተጣመመ ዘንጉን ይፈትገዋል። የምትሰማው ይህንን ነው።

ለማየት ከፈለግህ በስተኋላ በቀኝ በኩል ያለችውን የክዳኑን መቆለፊያ ወደ ላይ አዙረህ ወደ ውጭ ሳባት። ክዳኑን በመዳፍህ ደግፈው፣ ሞላው ይገፋዋልና። ሞላውን አውጥተህ በጨርቅ ጥረገውና ብርሃን ላይ እየው። ዘንጉ ላይ ፍትግ ያለ ነጭ መስመር ቢኖር አትጨነቅ። ቀይ ዝገት፣ የተሰነጠቀ ቀለበት ወይም አንድ ቦታ ላይ የተኛ ጥቅልል ካየህ ግን ሞላው ይቀየር። ደህና ከሆነ ዘንጉን ስስ ግሪስ ቀባው፣ በጣትህ ስትነካው የሚያንሸራትት ያህል ብቻ። ድምፁ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። መልሰህ ስትገጥም መቆለፊያዋ እስከ መጨረሻ መግባቷንና ወደ ታች መመለሷን አረጋግጥ።

ጥያቄ፣ ከዚያው ሰው፦ አንድ ጓደኛዬ «ሁለት ቀለበት ቆርጠህ አሳጥረው፣ ዝም ይላል» ብሎኝ ፒንሳ ይዤ ነበር።

መልስ፦ ፒንሳውን አስቀምጥ፣ እባክህ! ሞላው ሲያጥር መዝጊያው የሚያቆመው አጥቶ ከቀፎው (መዝጊያው ከሚሮጥበት የብረት አካል) ጀርባ ጋር በብረት ይላተማል፤ ሲመለስ ደግሞ ጥይቱን አጉርሶ እስከ መጨረሻ ላይዘጋ ይችላል። መሣሪያው የባሰ ይራገጣል፣ ውሎ አድሮም ቀፎው ይሰነጠቃል። ድካሙን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፦ ባዶውን መሣሪያ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቁመህ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳበውና በእጅህ ይዘህ ቀስ እያልክ መልሰው። ጤነኛ ሞላ ራሱ ገፍቶ ጥግ ድረስ ይዘጋዋል። ካዝናው ባዶ ሲሆን ሲሞኖቭ ተከፍቶ እንደሚቀር አትርሳ፤ የሚያቆመውን ብረት በእንጨት ተጫነው እንጂ ጣትህን አትክተት።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ፦ የእኔ የሚጮኸው ስተኩስ ሳይሆን ተሸክሜው ስሄድ ነው። ቋ ቋ ይላል።

መልስ፦ የሰደፉን ጫፍ ክፈት፤ ውስጡ የመወልወያ ዕቃ የሚይዝ ትንሽ ቆርቆሮ አለ፣ በጨርቅ ጠቅልለው። ካልተገኘ ከበርሜሉ ሥር ያለውን መወልወያ ዘንግና የሚታጠፈውን ሳንጃ ያዝ ያዝ አድርገህ እየው። ክዳኑ በትንሹ ቢነቃነቅ ችግር የለውም።

ጥያቄ፣ ከኩታበር፦ የእኔ ምንም አይጮህም። ስገዛው መዝጊያው ውስጥ የነበረውን ግሪስ እንዳለ ተውኩት፣ ለዝገት ጥሩ ነው ብዬ። ጎረቤቶቼ ይቀኑብኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም ጥያቄ ያስደነገጠኝ ያንተ ነው። ይህን መሣሪያ ሳታጸዳው ጥይት እንዳታጎርስበት።

ምክንያቱን ልንገርህ። በአብዛኛው ሲሞኖቭ መዝጊያ ውስጥ መምቻ መርፌው መላሽ ሞላ የለውም፤ ልቅ ሆኖ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ነው። መዝጊያውን አውጥተህ ጆሮህ አጠገብ ስታወዛውዘው ቅጭል ቅጭል ማለት አለበት። ይህ ድምፅ ከጠፋ መርፌው በደረቀ ግሪስ፣ በባሩድ ጥቀርሻ ወይም በዝገት ተይዟል ማለት ነው። ጫፉ ወደ ፊት ወጥቶ ከተያዘ፣ መዝጊያው ጥይቱን አጉርሶ ሲዘጋ መርፌው ራሱ ይመታዋል። ምላጭ ሳትነካ ይተኮሳል። ከዚያ ካዝናው ውስጥ ያሉት አሥሩም ተከታትለው ሊወጡ ይችላሉ። ከመጋዘን የወጣ መሣሪያ ሳይጸዳ ተሞክሮ ይህ ሲሆን ቆሜ አይቻለሁ፤ አፈሙዙ ወደ አፈር ግድብ ስለነበረ ብቻ ሰው ተረፈ።

መዝጊያውን ላምባ ውስጥ አሳድረው። በማግስቱ ከኋላው ያለችውን መስቀለኛ ፒን በቀጭን ብረት ገፍተህ መርፌውን አውጣ፣ ቀዳዳውን በሽቦና በጨርቅ አጽዳ፣ አድርቀው። መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ግሪስ አይገባም፤ ደረቅ ይሁን። መልሰህ ገጥመህ ስታወዛውዘው ቅጭል ካላለ እጅህ ላይ አታቆየው፣ ለባለሙያ ስጠው። እንዲያውም ሲሞኖቭ ያላችሁ በሙሉ ዛሬ ማታ መዝጊያችሁን አወዛውዛችሁ ስሙ።

ጥያቄ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ፦ እኔ ሁልጊዜ በላምባ አጸዳለሁ፣ ዘይትም እቀባለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሞላውም የጋዝ ቱቦውም ቀይ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ሲሳብ አሸዋ የገባበት ይመስላል።

መልስ፦ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፣ የጥይቱ ነው። ብዙ አሮጌ ጥይት መለኮሻው ላይ ፖታሺየም ክሎሬት የሚባል ኬሚካል አለው። ሲቃጠል ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ሥር፣ ክረምቱን በጉም ተሸፍና የምትውል ከተማ ናት። ላምባና ዘይት ጨው አያሟሙም፤ ከሥሩ ጨው እያለ ዘይት መቀባት ዝገቱን መሸፈን ነው። ጨው የሚያሟማው ውሃ ነው።

ስለዚህ በተኮስክበት ዕለት፣ ሳታሳድር፣ የፈላ ውሃ በርሜሉ ውስጥ አፍስስ። የጋዝ ቱቦውን፣ ፒስተኑን፣ የመዝጊያውን ፊት በፈላ ውሃ እጠብ። ብረቱ ሲሞቅ ራሱ ይደርቃል፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወልውልና ስስ ዘይት ቀባ። ፒስተኑና የጋዝ ቱቦው ግን ደረቅ ይሁኑ፣ እዚያ ያለ ዘይት ተቃጥሎ ጥቀርሻ ይሆናል። ከብርድ ገብተህም መሣሪያውን ምድጃ አጠገብ አታስቀምጥ፤ ብረቱ ያልበዋል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ፣ እናንተ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላላችሁ፤ ጠላታችሁ አቧራ ነው። ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስብና የሞረድ ሥራ ይሠራል። አሳንሱ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ከአባቴ የወረስኩት ኤም ዋን ጠብመንጃ ስምንተኛው ጥይት ላይ «ቅሊንንግ» ይላል።

መልስ፦ ስምንቱን ጥይት የያዘው ክሊፕ ተፈናጥሮ ሲወጣ ነው፤ ጤነኛ ነው። የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲዘምቱ የታጠቁት ይህንኑ ነበርና ያንን ድምፅ ብዙ ሽማግሌ ያውቀዋል። ሞላው ከበርሜሉ ሥር ነው፤ አውጥተህ ለካው፣ ከ48 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ደክሟል። ስታጎርስ አውራ ጣትህን ጠብቅ።

ጥያቄ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ አሁን አሜሪካ፦ እዚህ በሕጋዊ ፈቃድ የያዝኩት ኤአር አሥራ አምስት ጠብመንጃ በተኮስኩ ቁጥር ጉንጬ ላይ «ዝንንን» ይላል። ከሲሞኖቩ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ ዘሩ አንድ ነው፣ ቦታው ይለያል። የእሱ ሞላ ሰደፉ ውስጥ ባለ ቱቦ ውስጥ ነው የሚሮጠው፤ ጉንጭህን የምታስደግፈው እዚያው ላይ ስለሆነ አጥንትህ ይሰማዋል። ሞላውን አውጥተህ ጥረገው፣ ስስ ግሪስ ቀብተህ መልሰው። ካልበቃህ ከጠፍጣፋ ሽቦ የተሠራ ሞላ ይሸጣል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል። የጥይቱ ቀለህ በትክክል እየወጣ፣ መዝጊያውም እየዘጋ ከሆነ ግን ባትነካውም ይሠራል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ባለፈው ሠርግ ላይ ከተኮሰ ወዲህ ሞላው ይጮኻል ይላል። ይህ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎም «ይሰማኛል» ይላል። ምን ይደረግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚጮኸው ሞላው አይደለም፣ ጆሮው ነው። የጠብመንጃ ተኩስ ከ150 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ለጆሮ አደገኛ የሚባለው ቅጽበታዊ ድምፅ ግን ከ140 ይጀምራል። አንዲት ጥይት በጠባብ ግቢ ውስጥ ትበቃለች። ሦስት ሳምንት ከቆየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሄዶ የጆሮ ሐኪም ይየው፤ የጆሮ ሕመም በቶሎ ሲታይ ይሻላልና አትጠብቁ። ከእንግዲህ ያለ ጆሮ መከላከያ አይተኩስ። ሠርግ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይተኩስ፤ ወደ ሰማይ የሄደው ጥይት የሚወርደው የሰው ቤት ላይ ነው። ይህን ከእኔ እንደተላከ ንገሪው፤ ከፈለገም መሣሪያውን ይዞ ሳይሆን ብቻውን መጥቶ ያነጋግረኝ።