ሄፓታይተስ ቢ፦ ሰውነቴ ለምን ዝም አለው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ30 ዓመት ሴት ነኝ። ወደ ዱባይ ለሥራ ለመሄድ ስመረመር ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ ተባልኩ። ዓይኔ ቢጫ ሆኖ አያውቅም፣ ሕመምም የለኝም። ሰውነቴ ለምን አልተዋጋውም? በሽታ የመከላከል አቅም የሚጨምር ነገር ብወስድስ?

መልስ፦ ውጤቱ ከጉዞ ዕቅድዎ ጋር ተደርቦ እንደሚያስጨንቅ እረዳለሁ። ሆኖም አቅምዎ ስለደከመ የሆነ አይደለም። የጉበት ሴል የቫይረስን ዘረ መል የሚለዩ ፕሮቲኖች አሉት፤ ባዕድ ሲያገኙ ኢንተርፌሮን (ሌሎች ሴሎችን የሚያስጠነቅቅ ፕሮቲን) እንዲመረት በማድረግ ደወሉን ይደውላሉ። ሄፓታይተስ ሲ ደወሉን የሚያስተላልፈውን ፕሮቲን በራሱ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ቢ ደግሞ ከመነሻው ብዙም አያስደውልም፦ ዋናውን ዘረ መሉን በሴሉ አስኳል ውስጥ ያኖራል፣ የሚባዛውንም በፕሮቲን ቅርፊት ሸፍኖ ነው። ለዚህ ነው ሕመም ሳይሰማ ዓመታት የሚያልፉት። ጉበትን በዋናነት የሚጎዳውም ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ዘግይተው የሚነሡት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ በቫይረሱ የተያዘውን የጉበት ሴል ይገድላሉ።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። በተወለዱ በመጀመሪያው ዓመት ከተያዙ ሕፃናት በ90 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ሳይወጣ በሰውነታቸው ይኖራል፤ በአዋቂነት ከተያዙት ግን ከ5 በመቶ በታች ናቸው። እርስዎም በልጅነት ይዞዎት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «አቅም ማጠናከሪያ» የሚባለው ዱቄትም ሆነ ለወፍ በሽታ የሚሰጠው ሥር ቫይረሱን አያስወጣም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ጉበት ይመርዛል። እባክዎ አይውሰዱ።

ይልቅስ ኤስ ጂ ፒ ቲ (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም)፣ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን)፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጉ ሴሎች ቁጥር) እና የጉበት አልትራሳውንድ ያሠሩ፤ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ሲና ዲም ይታዩ። የቢ ምርመራው ከ6 ወር በኋላ ይደገም፤ ያኔም ካለ ሥር የሰደደ ነው ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ ቫይራል ሎድ ከ2,000 በላይ ሆኖ ኤስ ጂ ፒ ቲ ከፍ ካለ (ለሴት ከ19 በላይ) ሕክምና ይጀመራል፤ የጉበት ጠባሳ ከታየ ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ይጀመራል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም ነው። መባዛቱን ያስቆማል እንጂ አስኳል ውስጥ ያለውን አይነካም። በራስዎ ካቋረጡት ቫይረሱ ያገረሻል፣ ነጭ የደም ሴሎችም በአንዴ ጉበቱ ላይ ይነሣሉ፤ ይህ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን (የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት) ወይም የካንሰር መድኃኒት ሲታዘዝልዎም አስቀድመው ይንገሩ።

እናትዎ፣ እኅት ወንድሞችዎና የትዳር ጓደኛ ካለዎት ይመርመሩ፤ ነጻ የሆነና ያልተከተበ ሦስቱን ክትባት ይውሰድ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን አይጋሩ። ካረገዙ በክትትሉ መጀመሪያ ያሳውቁ፤ ቫይራል ሎዱ ከ200,000 በላይ ከሆነ በእርግዝናው ቴኖፎቪር ይሰጥዎታል፣ ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተባል።